ሰማያዊው ሞርፎ ወይስ የሎሚ ዛፏ ቢራቢሮ?

ሐዋሳ ግቢያችን ውስጥ አንድ የሎሚ ዛፍ አለ። ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ካያችሁ ለመጥረግ አትቸኩሉ፤ የቢራቢሮ አባጨጓሬ ሊሆን ይችላል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ ነካ ስታደርጉት ከራሱ ኋላ ሹካ የመሰለ ቀንድ ብቅ ያደርጋል። ሽታው አይጣል ነው!

ሞርፎ የተባለው ሰማያዊ ቢራቢሮ የሚኖረው በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች ነው። ያ ሰማያዊ ደግሞ ቀለም አይደለም፤ የክንፉ ጥቃቅን ቅርፊቶች ብርሃኑን የሚመልሱበት መንገድ ነው። ክንፉን ሲያጥፍ ቡናማው የክንፉ ጀርባ ይሸፍነዋል።

የእኛዋ ጥቁርና ቢጫ ናት፤ አበባ ትቀስማለች። እሱ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይመጥጣል።

በመልክ ሞርፎ ይበልጣል፣ አልከራከርም። እኔ ግን የሎሚዋን እመርጣለሁ፤ እናቴ «ዛፌን ላጨችው» እያለች ብታማርርም።