የአባቴን ላዳ መንቀጥቀጥ ከስሩ ያገኙልኝን ጋሼን ላመስግን

ሰላም ናችሁ ወገን። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ላዳ፣ ፊያት፣ ዲኤክስ ምናምን የምትነዱ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ እኔ ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስምንት ወር ሙሉ አልሰቃይም ነበር።

አባቴ ታክሲ ሲሰራባት የኖረ ላዳ 2101 አለችን። እሱ ካረፈ በኋላ እናቴ አትሸጥም አለች፣ እኔም ልቤ እምቢ አለኝ፣ ቀስ እያልኩ ቀለሟን፣ ወንበሯን፣ ፍሪሲዮኗን ሁሉ አሰራኋት። ከተማ ውስጥ ቃሊቲ ሳሪስ ስንመላለስ ምንም የላትም። ችግሩ የሚመጣው ከቱሉ ዲምቱ የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ስትወጣ ነው። እስከ 80 ሰላም ናት፣ 85ን ስታልፍ ከወንበር ስር እምምም የሚል ነገር ይጀምራል፣ 90 ላይ ከኋላ የሚመጣው መኪና በመስታወት ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ዳሽቦርዱ ይንጫጫል፣ አክስቴን ልትጠይቅ አዳማ ይዣት የምሄደው እናቴ ደግሞ ወገቤን ወገቤን ትላለች። እኔ መሪውን ይዤ አይኔ ኪሎሜትር ቆጣሪው ላይ፣ ልቤ አንገቴ ስር።

ሶስት ቦታ ወስጃታለሁ፣ ስም አልጠራም። አንዱ ጎማ ነው አለኝ ባላንስ አሰራሁ፣ አልተወም። ሌላው ጎማው አርጅቷል አለኝ አራቱንም ቀየርኩ፣ ባላንስ እንደገና፣ አልተወም። ሶስተኛው የሞተር ሱፖርቶ (ሞተሩን የሚይዘው ጎማ) ነው ብሎ እሱም ተቀየረ። መጨረሻ ላይ የሰማሁት መልስ "አሮጌ መኪና ናት፣ ምን ትጠብቃለህ፣ 70 ላይ ንዳት" የሚል ነበር። ይሄ ንግግር በጣም ነው ያሳዘነኝ። 2101 እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሩሲያ ካለው ቶሊያቲ ፋብሪካ የወጣች፣ ከፊያት 124 የተወለደች መኪና ናት፣ ፋብሪካው ራሱ እስከ 140 ትሄዳለች ብሎ ነው የሸጣት። 90 ላይ መንቀጥቀጥ እርጅና አይደለም፣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ጎረቤታችን አይሱዙ የሚነዳ ልጅ ነው "ገላን አካባቢ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ሂድና አናግራቸው" ያለኝ። ሄድኩ። ታፔላ የለውም፣ ቆርቆሮ አጥር ውስጥ አንድ ጉድጓድ፣ ሁለት ልጆች የሚያግዟቸው፣ አንድ አሮጌ ፊያት ጥግ ላይ። ጋሼ ኮፈን እንኳን አልከፈቱም። ቁጭ አሉና ጠየቁኝ፣ "መሪው ነው የሚንቀጠቀጠው ወይስ ወንበሩ? ነዳጅ ስትሰጥ ይብሳል ወይስ ስትለቅ? ይሄ ነገር ከመጀመሩ በፊት መጨረሻ የተፈታው ምንድነው?" የመጨረሻውን ጥያቄ እስከዛን ቀን ማንም አልጠየቀኝም። አሰብኩ አሰብኩ፣ ፍሪሲዮን ነው አልኳቸው። እሺ ብቻ አሉ።

ከዛ አብረን ወጣን። 90 ላይ ሳለን "ፍሪሲዮን ርገጥና ዜሮ አድርጋት፣ ነዳጁን ልቀቅ" አሉኝ። ሞተሩ ወረደ፣ መንቀጥቀጡ ግን እንዳለ ነው። "በቃ ሞተሩ ነጻ ነው፣ ሱፖርቶህን በከንቱ ነው የቀየርከው ልጄ" አሉኝ። ቀጥለው የነገሩኝን ተመልሼ ቤት በወረቀት ሰርቼዋለሁ። 90 ላይ የላዳ ጎማ በሰከንድ ወደ 14 ጊዜ ይዞራል፣ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ዲፍረንሻል (የኋላ ጎማዎቹን ወደሚያዞረው ጥርስ) የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ ግን ወደ 60 ጊዜ ነው የሚዞረው፣ ምክንያቱም በ2101 ዲፍረንሻል ውስጥ ትልቁ ጥርስ 43 ትንሹ 10 ነው፣ ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ አራት ጊዜ ከምናምን። ስለዚህ የጎማ ችግር ደብ ደብ ደብ የሚል ለመቁጠር ትንሽ የቀረው ነገር ሲሆን የዘንግ ችግር እንደ ንብ ድምጽ ነው። "ያንተ ንብ ነው" አሉኝ። ስምንት ወር ሙሉ የሰማሁት ድምጽ ነው እኮ።

ግን በዚህም አላመኑም። ግቢ ስንመለስ የኋላውን አክሰል በሁለት ጠንካራ መቆሚያ ደግፈው (አክሰሉን ራሱን ነው፣ ቦዲውን አይደለም፣ ቦዲውን ካነሳህ አክሰሉ ይንጠለጠልና የዘንጉ አቀማመጥ ይቀየራል) የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አግደው የኋላ ጎማዎቹን ፈቱ። ሞተር ተነሳ፣ አራተኛ ማርሽ፣ ቀስ በቀስ ወደ 90 ወጣ። ጎማ የለም፣ መንቀጥቀጡ አለ! አራት አዲስ ጎማ የገዛሁበት ብር አይኔ ላይ መጣ። ይሄን ማንም ቤቱ እንዳይሞክር፣ የሚዞር ዘንግ ልብስ ከያዘ አይለቅም፣ ልጆቹን ሁሉ ከአጠገቡ አርቀው ነው የሰሩት።

ከዛ ሞተሩ ጠፍቶ ጉድጓድ ገቡና ጠሩኝ፣ በባትሪ እያበሩ አሳዩኝ። የኋላው ክሮቸራ (ዘንጉን እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው መስቀል የመሰለ መገጣጠሚያ) አፍ ላይ ቀይ ዱቄት የመሰለ ዝገት አለ፣ ግሪሱ አልቆ ብረት ብረትን እየበላ ነው ማለት ነው። መሃል ላይ ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ ጎማው ተሰንጥቋል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነበር። ዘንጉን አውርደው በቤንዚን ሲያጥቡት ከጭቃው ስር ሁለት የመሮ ምልክቶች ወጡ፣ አንዱ ዘንጉ ላይ አንዱ ዘንጉን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ባለ ስድስት ቡሎን የጎማ መጋጠሚያ የሚታሰርበት ፍላንጅ (የብረት ማያያዣ) ላይ። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ መግጠም ሲገባቸው አይገናኙም። ፍሪሲዮን ያሰራሁበት ቦታ ዘንጉን ሲያወርዱ ፍላንጁን ከጥርሱ አውጥተው ሲመልሱት ምልክቱን አላዩም። ጋሼ እንዳስረዱኝ ዘንጉ ፋብሪካ ላይ ባላንስ የሚደረገው ሁሉም ነገር ተገጣጥሞ እንደ አንድ እቃ ነው፣ አዙረህ ከገጠምከው ባላንሱ ይጠፋል። ከተማ ውስጥ ለምን አይሰማም ብላችሁ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚወዘውዘው ጉልበት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ 45 ላይ ያለው 90 ላይ አራት ነው።

እቃውን ራሴ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዛሁ። ከመሄዴ በፊት አሮጌውን ክሮቸራ በእጄ አስይዘው "ካርቶኑን አትመን፣ ከዚህ ጋር ለካው፣ አራቱንም ኩባያ አዙር፣ አንዱ እንኳን ከያዘ ተወው" አሉኝ። ሶስተኛው ሱቅ ላይ ነው ደህና ያገኘሁት። ኩሽኔታውንም እዛው።

በማግስቱ ሁሉም በምልክቱ ተገጥሞ ስንወጣ ሌላ መኪና ሆናለች፣ ግን 95 ላይ በጣም ትንሽ ነገር ቀርታ ነበር፣ እኔ ይበቃል አልኩ፣ እሳቸው አይበቃም አሉ። የውሃ ጎማ የሚታሰርበትን ፋሸታ ሁለት አምጥተው ዘንጉ ጫፍ ላይ አሰሩ፣ የፋሸታው ጭንቅላት እንደ ሚዛን ድንጋይ ነው የሚያገለግለው፣ አንድ ቦታ አድርገን ወጣን ባሰ፣ አዞሩት ወጣን ቀነሰ፣ ሁለቱን ትንሽ አራርቀው ወጣን ጠፋ። አራት ጊዜ ነው የተመላለስነው። አንዴም አልተማረሩም።

ለሁለት ቀን ስራ የተቀበሉኝ የእጅ ዋጋ ለጎማዎቹ ካወጣሁት ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ ጨምሬ ስሰጣቸው መለሱልኝ። እኔን የነካኝ ግን ዋጋው አይደለም። ጋሼ አንድም እቃ ግዛ ያሉኝ ችግሩ እዛ ጋ መሆኑን በአይኔ ካሳዩኝ በኋላ ነው። ሌሎቹ ጋ እኔ ነበርኩ በራሴ ብር የምሞክረው።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ይዤ አዳማ ሄድኩ። ሞጆ ሳንደርስ እንቅልፍ ወስዷታል። በአባቴ መኪና ውስጥ፣ 95 ላይ፣ እናቴ ተኝታ። መንገድ ዳር አቁሜ ለጋሼ ደወልኩላቸው፣ ብዙም ማውራት አልቻልኩም፣ "ተመስገን በል፣ ቀስ ብለህ ንዳ" ብለው ዘጉት።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳልለጥፍ ነግረውኛል፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። እሁድና በዓል አይሰሩም። አውቶማቲክ ካምቢዮ አይነኩም፣ አላውቀውም ብለው በግልጽ ይመልሷችኋል። ከቸኮላችሁ አትሂዱ፣ መኪናዋን ሁለት ሶስት ቀን ለመተው ተዘጋጁ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ መንቀጥቀጡ በስንት ኪሎሜትር እንደሚጀምር፣ የት እንደሚሰማችሁና ከዛ በፊት ምን እንደተፈታ ጽፋችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። የሰማያዊዋ ላዳ ልጅ ነው የላከን በሏቸው፣ ያውቁኛል።