ያፎ ወደብ ያለውን የሞገድ መብራት ማመንጫ ሄጄ አየሁት
ሰላም ነው፣ ከባህር ሞገድ መብራት ስለማመንጨት ሲወራ ብዙ ጊዜ ሰምቼ ባለፈው አርብ ጠዋት አባቴን ይዤ ያፎ ወረድኩ፣ ኢኮ ዌቭ ፓወር የሚባለው ካምፓኒ ወደቡ ላይ የተከለውን ለማየት። ያፎ ማለት እስራኤል ውስጥ ቴል አቪቭ ጋር ያለችው፣ ያው መጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ የሚላት ናት፣ ዮናስ ነነዌ ሂድ ሲባል ሸሽቶ መርከብ የተሳፈረባት፣ አባቴ መንገዱን ሙሉ የሱን ነገር ነው ሲያወራኝ የነበረው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳየው "ይሄ ነው እንዴ?" ነው ያልኩት። ባህር መሃል የሚንሳፈፍ ግዙፍ ነገር ጠብቄ ያገኘሁት ግን ከድሮው የወደቡ ግንብ ላይ በብረት ክንድ የተያያዙ 10 ተንሳፋፊዎች፣ በቃ። ደሞ ባህሩ ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ተኝቷል፣ ተንሳፋፊዎቹም ቁጭ ብሎ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ነቅነቅ ይላሉ እንጂ ሌላ የለም። ልንሄድ ስንል ነፋስ ተነሳና ከፍ ዝቅ ማለት ጀመሩ፣ ይሄኔ አባቴ "ይሄማ የኛ አገር የውሃ ወፍጮ ነው፣ ዱቄቱ ነው የጠፋው" አለኝ፣ ሳቄ መጣ ግን ልክ ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ሞገዱ ተንሳፋፊውን ሲያነሳው ክንዱ ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ የሃይድሮሊክ ፈሳሹን (ግፊት የሚያስተላልፈውን ፈሳሽ) መሬት ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይገፋዋል፣ ግፊቱ ሲጠራቀም ሞተር ያዞራል ሞተሩ ደሞ ጀነሬተሩን። እኔ የወደድኩት ጀነሬተሩም ኤሌክትሮኒክሱም ደረቅ መሬት ላይ ኮንቴነር ውስጥ መሆኑን ነው፣ ውሃ የሚነካው ተንሳፋፊው ብቻ። ማዕበል ሲበረታም ተነስተው ከውሃው እንዲወጡ ነው የተሰሩት። የባህር ጨው ብረት ላይ ምን እንደሚሰራ እዚህ የሚኖር ያውቀዋል፣ የኔ ሳይክል ሰንሰለት አመት አልሞላውም። ፖርቱጋል ውስጥ አጉሳዶራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ፔላሚስ የሚባሉ እባብ የመሰሉ 3 ተንሳፋፊዎች እያንዳንዳቸው 750 ኪሎዋት ተብለው ከዳርቻው ርቀው ባህር ላይ ገቡ፣ ወራት ሳይቆዩ ተጎትተው ተመለሱ፣ ካምፓኒውም 2014 ላይ ከሰረ። የያፎው ትንሽ ነው ግን ቢበላሽ ሰው በእግሩ ሄዶ ይጠግነዋል።

ትንሽ ነው ስል በጣም ትንሽ ነው ታዲያ። አቅሙ 100 ኪሎዋት ነው፣ የኛ ቤት የሻይ ውሃ ማፍያ 2 ኪሎዋት ይበላል፣ 50 ቤት አንዴ ሻይ ከጣደ አለቀ፣ እሱም ሞገዱ ሙሉ ሲሆን ነው። ሜዲትራኒያን ደሞ እንደ አትላንቲክ አይደለም፣ በጋ ላይ፣ በሙቀቱ ወራት ማለቴ ነው፣ ይተኛል። 2023 ላይ ከአገሪቱ የመብራት መስመር ጋር ተገናኝቷል፣ ስለዚህ መጫወቻ አይደለም፣ ግን ሰፈር ያበራል ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። ጎንደር ያሉ ዘመዶቼ "ለኛስ አይሆንም?" ብለው ጠይቀውኛል፣ ጣና ላይ እንዲህ ያለ ሞገድ ከየት ይመጣል ብያቸዋለሁ።

ከ10 ስጥ ካላችሁኝ 7። ማየት በነጻ ነው፣ መኪና ማቆሚያው ነው ኪስ የሚያራግፈው። ከመውጣታችሁ በፊት የነፋስ ትንበያ እዩ፣ ጸጥ ባለ ቀን ከሄዳችሁ የምታዩት ብረት ብቻ ነው። አባቴማ ሃኑካ (ዲሴምበር ገደማ የሚውለው የአይሁድ በዓል) አካባቢ ባህሩ ሲቆጣ እንመለስ ብሎኛል።