ለላብራቶሪው ወንድማችን ምስጋና፤ እርጉዝ እህት ወይም ሚስት ያላችሁ እባካችሁ አንብቡት

ትናንት ዘጌ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር። ጠላው ተጠጣ፣ እናቶች እልል አሉ፣ ልጁም ጠግቦ ተኝቶ ዋለ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የማስበው እዚያ ያልነበረ አንድ ሰው ነበር። ባሕር ዳር፣ አንድ ትንሽ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ስሜን አትጻፍ ስላለኝ አልጽፍም። ሥራውን ግን ልንገራችሁ።

እህቴ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ለክትትል በጀልባ ወደ ባሕር ዳር መጣች። ሁለተኛ ልጇ ነው። የመጀመሪያዋን ስታረግዝ አንድ ቦታ ተመርምራ የተሰጣት ካርድ ነበራት፣ «ኦ ፖዘቲቭ» ይላል። አሁንም የደም ዓይነት ስትባል ካርዱን አወጣች። ከዚያው ላይ ይገለብጥልኛል ብላ ነው፣ ገንዘቡም ይተርፋል፣ ጀልባውም አያመልጣትም። እሱ ካርዱን አየት አደረገና «እህቴ፣ ይሄ ይቀመጥ። እኔ በዓይኔ ሳላየው አልጽፍም» አላት።

መስታወት ላይ ሦስት ጠብታ ደም አደረገ። በአንዱ ሰማያዊ ፈሳሽ፣ በሌላው ቢጫ፣ በሦስተኛው ቀለም የሌለው ጨመረ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፣ ምንድነው ብዬ ስጠይቀው ሥራውን ሳያቋርጥ አስረዳኝ። ቀይ የደም ሴል ላይ ምልክት አለ። የኤ ምልክት ያለው ሰው ኤ ነው፣ የቢ ያለው ቢ፣ ሁለቱም ያለው ኤቢ፣ ሁለቱም የሌለው ኦ። ሰማያዊው ፈሳሽ ኤን፣ ቢጫው ቢን ፈልጎ ይይዛል። ካገኘ ደሙ እንደ አይብ ፍርፍር ይላል፣ ካላገኘ ዝም ብሎ እንደ ፈሰሰ ይቀራል። ሦስተኛው የሚፈልገው ዲ የተባለውን ምልክት ነው፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የምንለው በእሱ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ካርል ላንድስታይነር የሚባል ሐኪም ቪየና ውስጥ የራሱንና የባልደረቦቹን ደም እያቀላቀለ ነው ያገኘው አለኝ፣ በፈረንጆች 1901 አሳተመው፣ በ1930 ደግሞ ኖቤል ተሸለመበት። ከእሱ በፊት ደም መስጠት ዕጣ እንደ መጣል ነበር፣ አንዱ ይድናል፣ አንዱ እዚያው ይሞታል።

የእህቴ ሦስቱም ጠብታ አልተፈረፈረም። ኦ ኔጌቲቭ ማለት ነው። ካርዱ ተሳስቷል።

እሱ ግን በዚህም አልረካም። በቱቦ ደገመው፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት አቆይቶ ደካማ ዲ፣ ማለትም መስታወት ላይ ሳይታይ የሚያመልጥ የዲ ምልክት፣ እንዳለ ፈተሸ። ያው ኔጌቲቭ። ታዲያ የድሮው እንዴት ተሳሳተ? መስታወት ላይ ያለ ደም ቶሎ ካልታየ ዳር ዳሩ ይደርቅና የተፈረፈረ ይመስላል፣ አለዚያም የጻፈው ሰው እጁ ስቶ ይሆናል አለ። ማንንም አልወቀሰም። እኔም ቦታውን አልጠራም።

አሁን ዋናው ነገር። እኛ አገር ሾተላይ ሲባል ስንሰማ ነው ያደግነው። አክስቴ የመጀመሪያዋን ወልዳ አሳደገች፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ልጅ ቀበረች። ሾተላይ አለባት ተባለ፣ ጠበል ተወሰደች፣ ክታብ ታሰረላት፣ አንዳንዱም ከእሷ ጋር ቡና መጠጣት ፈራ። የእሷ ደም ስላልተመረመረ ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ አልምልም። ግን እሱ ሲያስረዳኝ የታየችኝ እሷ ናት። እናት ኔጌቲቭ ሆና በሆዷ ያለው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እሷ ይገባል። ሰውነቷ ዲን አያውቀውም፣ እንግዳ መጣ ብሎ መከላከያ ይሠራል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። መከላከያው ግን ይቀራል፣ በሚቀጥለው እርግዝና በእንግዴ ልጁ አልፎ የፅንሱን ደም ያፈርሳል። ልጁ ደም አጥሮት፣ አብጦ፣ ቢጫ ሆኖ ይወለዳል፣ ወይም ሆድ ውስጥ ይሞታል። የአክስቴ ታሪክ ቁጭ።

የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ፖዘቲቭ ናት። ካርዱ ስላሳሳተ ያኔ ይህ መከላከያ እንዳይፈጠር የሚሰጠውን መርፌ አልተወጋችም። እሱ መከላከያው ተፈጥሮ እንደሆነ የሚያሳየውን ምርመራ ሲሠራ እኔና ባሏ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ቃል አልተነጋገርንም። ወጣና «የለም፣ አልተፈጠረም፣ ደርሳችኋል» አለን። ባሏ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪሟ ሥራ ነው። በ28ኛ ሳምንቷ ያንን መርፌ፣ አንቲ ዲ የሚባለውን፣ ተወጋች፣ ከወለደችም በኋላ 72 ሰዓት ሳይሞላ ደገመች። መርፌው ሙቀት አይወድም፣ ከፋርማሲ በበረዶ ነው ያመጣነው። ልጁ ቢ ፖዘቲቭ ሆኖ ተወለደ። አማቷ «እናቱ ኦ ሆና ልጁ እንዴት ቢ ሆነ?» ብለው ሲጨነቁ ደግሞ ስልክ ደውዬለት «እማማ፣ ልጅ ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ይወርሳል፣ አባቱ ቢ ነው፣ ልጁ ቢ ወይም ኦ መሆኑ ያለ ነው» ብሎ አረጋጋቸው። ይህ እኮ የሥራ ግዴታው አይደለም።

እኔም በዚያው ተመረመርኩ፣ እንደ እህቴ ኦ ኔጌቲቭ ነኝ። የዓይነቱ ምርመራ ጊዜ ለማይሰጥ ሰው፣ ለምሳሌ ደም እየፈሰሳት ለገባች ወላድ፣ የኔ ዓይነት ቀይ ደም ነው የሚሰጠው። እኔ ግን መቀበል የምችለው ከኦ ኔጌቲቭ ብቻ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ በየሦስት ወሩ ደም እለግሳለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው እድሜና ጤና ይስጥህ፣ እጅህ ይባረክ። ልጁን አንድ ቀን አምጥተን እናሳይሃለን።

የት እንደሚሠራ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን በደንብ እነግራችኋለሁ። ጠዋት ብትሄዱ ወረፋው ይቀላል። የድሮ ካርድ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ እጃችሁን ዘርጉ ይላችኋል።