የአባቴን ወንበር ላተረፉልኝ አናጢ፦ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው!

ይህን ልጽፍ ስል ሥራ እየያዘኝ 3 ሳምንት አለፈ። ዛሬ ግን ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። አዎ፣ ያው አሮጌው ሶፋ ላይ። ያየው ሰው ሁሉ "ኧረ ጣዪው!" ያለኝ ሶፋ ላይ።

ምስጋናዬ ለአንድ አናጢና አብራቸው ለምትሠራው ልብስ ሰፊ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የተሰበረ፣ የላላ፣ የጎበጠ የቤት ዕቃ ካለ እባካችሁ ከመጣላችሁ በፊት እኚህን ሰው አሳዩአቸው። መጀመሪያ ግን እሳቸው ጋ እስክደርስ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሶፋውና ባለ መደገፊያው ወንበር የወላጆቼ ናቸው። አባቴ ሲያርፍ ወደ እኔ መጡ። ያኔም ሞላው ወጥቶ ነበር፣ ወንበሩም ሲቀመጡበት ይንቋቋል። መጀመሪያ የሰጠሁበትን ቤት ስም አልጠራም። "በ2 ሳምንት ትወስጂዋለሽ" ብለውኝ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያሉ 2 ወር አመላለሱኝ። ሲመጣ ከላይ ሲያዩት ያምራል። ወር ሳይሞላው መቀመጫው ሰጠመ። ከስር ገልጬ ሳየው አዲሱን ጨርቅ በአሮጌው ላይ አልብሰው በስቴፕለር መትተውታል። ስፖንጁ ዱቄት ሆኗል። ብሬ መሄዱ አይደለም ያንገበገበኝ። ዓይኔን እያዩ "ሁሉንም ቀይረናል" ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆረጥኩና አዲስ ዕቃ ውስጥ ገባሁ። ለልጄ ክፍል የቺፕውድ ቁምሳጥን ገዛሁ። ሽታው! ልጄ ዓይኗ እያለቀሰ መስኮት ከፍተን ነበር የምናድረው። ሻጩን ስጠይቀው "የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው፣ ይለቃል" ብሎ ሸኘኝ። በኋላ ነው ያነበብኩት። ብዙ ጊዜ የእንጨት ፍቅፋቂውን የሚያጣብቀው ኮላ ውስጥ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል አለ፤ እሱ ነው ቀስ እያለ ወደ ቤት አየር የሚወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ናቸው ብሎ ከመደባቸው ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል። ቺፕውድ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ልቀታቸው ዝቅተኛ ተብለው የሚሸጡም አሉ። ግን ሻጩ ይህን ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ቁምሳጥኑም አልበረከተም። ወለል በተወለወለ ቁጥር እግሩ ውሃ እየጠጣ አበጠ፣ የበሩ ብሎኖች ከነፍቅፋቂያቸው ተነቀሉ። 2 ዓመት ሳይሞላው ደጅ ቆመ። በአሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 12 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የቤት ዕቃ እንደተጣለና 80 በመቶ ያህሉ እንደተቀበረ ሳነብ ያ ቁምሳጥን ነው ፊቴ ላይ የመጣው።

እኚህን ሰው የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቤቴ ድረስ መጡ። ብዙ አላወሩም። ወንበሩን ገለበጡት፣ በጣታቸው አንኳኩት፣ ጆሯቸውን አስጠግተው እንደገና አንኳኩት። እግሩን በጥፍራቸው ጫር አደረጉና ቀና አሉ።

"ልጄ፣ እንጨቱ ጤነኛ ነው። የለቀቀው ኮላው ነው።"

የድሮ ኮላ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ስለሚሠራ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል አሉኝ። ስለዚህ መጋጠሚያው ሳይሰበር ተፈቶ እንደገና ይጣበቃል። ከዚያ ስለ መጋጠሚያው ዓይነት ብዙ ነገሩኝ፣ እሱን እሳቸው ይወቁት። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። "የሶፋው ስፖንጅ ሁሉ ይቀየር" ስላቸው እምቢ አሉ። እጄን ይዘው መደገፊያው ላይ አስጫኑኝ፣ ቀጥለው መቀመጫው ላይ። የመደገፊያው ወዲያው ተመልሶ ተነሳ። የመቀመጫው እንደጎደጎደ ቀረ። "ይሄኛውን ነው የምቀይረው፣ ያ ምን አጠፋና ይጣላል?" አሉኝ። ስፖንጅ ከነዳጅ ዘይት ነው የሚሠራው፣ ከተጣለ ደግሞ ዝም ብሎ አይበሰብስም። ሁሉንም ቢቀይሩ የሚጠቀሙት እሳቸው ነበሩ። እሺ ብዬ ልከፍል ተዘጋጅቼ ሳለ ነው እምቢ ያሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ ምን ትላላችሁ?

ልብስ ሰፊዋም እንደዚያው ናት። እኔ የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር መርጬ ነበር። ወፈር ያለ ጥጥ አሳየችኝና ሽፋኑን በዚፕ እንዲወልቅ አድርጋ ሰፋችው። "ሲቆሽሽ ሽፋኑን ታጥቢያለሽ፣ ሶፋ አትቀይሪም" አለችኝ። ከአሮጌው ጨርቅም ፀሐይ ያልነካውን የጀርባውን ክፍል ቆርጣ 2 የትራስ ልብስ አወጣችበት። አልጠየቅኳትም፣ አላስከፈለችኝምም።

አሁን ይህን ሁሉ ወዳስጻፈኝ ልምጣ። ወንበሩን በወሰዱ በ4ኛው ቀን ሥራ ቦታ እያለሁ ደወሉ። የሆነ ነገር የተሰበረ መስሎኝ ደነገጥኩ። "የቀኙ ክንድ ጫፍ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፣ በአውራ ጣት ልክ። ማሽን ላሳርፍበት ስል ተውኩት። የሰው እጅ የሠራው ነው። ልደልድለው ወይስ ይቅር?"

አባቴ ሬዲዮ ሲሰማ አውራ ጣቱን እዚያች ቦታ ላይ ያመላልሳት ነበር። ዜናው ካልጣመው ፈጠን፣ ከጣመው ቀስ። 30 ዓመት ሙሉ። እኔ ልጁ እንኳ እንጨቱ መጎድጎዱን ልብ ብዬ አላውቅም። ስልኩን ይዤ ወደ ኮሪደር ወጣሁ፣ መናገር አቅቶኝ ነበር። ዝም ስል ገባቸው መሰለኝ "በቃ ልጄ፣ ይቀራል" ብለው ዘጉት። ሌላውን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው እሷን ግን ዘይት ብቻ ቀብተው መለሱልኝ። አሁን እኔም ሳነብ አውራ ጣቴ እዚያ ነው የሚያርፈው።

የቀቡት የተልባ ዘይት ነው። ትንሽ ተረፈና በየጊዜው እንድቀባው ሰጡኝ። የቀባሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጬ ጥግ እንዳልጥል አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ጨርቁ ከተጨበጠ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። ይህን ከዚያ በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። መጀመሪያ የቀባሁ ዕለት ማታ ደውለው "ጨርቁን ዘረጋሽው?" ብለው ጠየቁኝ። የራሴ ወንድም እንኳ እንዲህ አይከታተለኝም!

ስለዚህ እባካችሁ፣ ደግሜ እላለሁ፣ አትጣሉ። ቢያንስ አስቀድማችሁ አሳዩአቸው። የማይጠገን ከሆነም እውነቱን ይነግሯችኋል፤ ያን ቁምሳጥኔን አይተው "ይሄ አይሆንም" ብለውኛል። ግን ደህናውን የጀርባ ጣውላ ወስደው ለልጄ መጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ አደረጉት። ስልካቸው በአደባባይ እንዲለጠፍ ስላልወደዱ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሱም፣ ማታ ላይ ሞክሩ። ወረፋ አላቸው። ጠብቋቸው፣ ባሉት ቀን ያደርሳሉ።

የእኔ ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ የእህቴን ጠረጴዛ ይዤ እመጣለሁ።