የአይጥ ጉበት ስላይድ ያሰራሁበት ላብ (ላቦራቶሪ)፣ ባህር ዳር

ጊዮርጊስ አካባቢ ገባ ብሎ ያለ ትንሽ ላብ ነው፣ ስሙን ልተወው። 2 ዓመት የሞላቸው የኮንትሮል (መድኃኒት ያልተሰጣቸው ማነጻጸሪያ) አይጦች ጉበት እንዳይበሰብስ በ10% ፎርማሊን ነክሬ በባጃጅ ወሰድኩላቸው፣ ባጃጁ በር እንኳን የለው ሹፌሩ ግን "ምንድነው እሚሸተው" እያለ አደረቀኝ።

ስላይዱ፣ ማለትም መስታወት ላይ የተለጠፈው ስስ የጉበት ቁራጭ፣ ሲመጣ ግማሹ ተጨማዷል፣ ቢላቸው ደንዝዞ መሰለኝ ጭረትም አለው። የቀረው ግን አንደኛ! ቀለሙ ጥርት ከማለቱ የተነሳ ቤዞፊሊክ ፎካይ የሚባሉት ሰማያዊ የሴል ስብስቦች ከሮዙ ጉበት መሃል ቁጭ ብለው ይታያሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ ግላይኮጅን (ሴሉ ያጠራቀመው ስኳር) ይዞ ነጣ ያለው ክሊር ሴል ነው። መጀመሪያ ካንሰር ነው ብዬ ክው ብዬ ነበር፣ ለካ ይሄ በላብ አይጥ በተለይ ፊሸር 344 በሚባለው ዘር ላይ እድሜ ሲገፋ ያለምንም ኬሚካል በራሱ የሚመጣ ነው፣ ዙሪያውን ያለውን ጉበት ገፍቶ ካልተጫነው ደግሞ ዕጢ ነው ለማለት አያስቸኩልም። ኮንትሮሉን ሳያዩ መድኃኒቱ ነው ያመጣው የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል።

ከሄዳችሁ ውፍረቱ 5 ማይክሮን ይሁን ብላችሁ አስረግጣችሁ ንገሯቸው፣ ዝም ካላችሁ አወፍረው ነው እሚቆርጡት። ዋጋው አይከፋም፣ ቀጠሮ ግን አያከብሩም፣ ሐሙስ ብለውኝ ማክሰኞ ሰጡኝ።