የሴኔቱ ሂሪንግ፦ ሠርጉን አየሁ፣ ሽምግልናው አመለጠኝ

ስንቱን ሰው የሴኔቱ ቢሮዎች ባሉበት ዲርክሰን ሕንፃ በር ላይ አውርጃለሁ! ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስነዳ 14 ዓመቴ ነው፤ ውስጡን ግን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። ባለፈው ረቡዕ መኪናዬ ጋራዥ ገባችና እስቲ ልየው ብዬ ሄድኩ።

መግቢያው በነጻ ነው። ተፈትሼ ወጣሁና 226 ቁጥር በር ላይ ተሰለፍኩ። የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ፣ ፕሬዚዳንቱ ያጫቸውን የፌዴራል ዳኞች ከመጽደቃቸው በፊት የሚጠይቀው እዚያ ነው፤ ሂሪንግ የሚባለው ይሄ ነው።

አቀባበሉ ደስ ይላል። ዕጩዎቹ እናት አባታቸውን፣ ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። እያስነሱ ያስተዋውቋቸዋል። የየስቴታቸው ሴናተርም ቀድሞ ያሞግሳቸዋል። ጥያቄው ላይ ግን ቀዘቀዘብኝ። ለአንድ ሴናተር 5 ደቂቃ ነው፤ መልሱም ያው ነው፦ ጉዳዩ ነገ እኔ ፊት ሊቀርብ ስለሚችል አስተያየት አልሰጥም። ከሴናተሮቹ ወንበር ግማሹ ባዶ ነው። ከፊቴ አንዲት ሕፃን እንቅልፍ ወሰዳት፤ አልፈረድኩባትም።

ታዲያ የሚወሰነው የት ነው? አጠገቤ የተቀመጠ የሕግ ተማሪ ስለ ሰማያዊዋ ወረቀት ነገረኝ። ዕጩው የሚዳኝበት ስቴት ሁለት ሴናተሮች አሉት አይደል? ኮሚቴው ለሁለቱም ሰማያዊ ወረቀት ይልካል። እሺ ብለው ካልመለሱ ዕጩው እዚህ ጠረጴዛ ጋ አይደርስም። ወረቀቷ ከ1917 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ አለች፤ ሕገ መንግሥቱን ብታገላብጡት ግን አታገኟትም። ለፌዴራል ይግባኝ ዳኞች ይሄ አሠራር በትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን ቀርቷል። ለፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ማለትም ለመጀመሪያ ደረጃው፣ ዳኞች ዛሬም ይሠራል።

ነገሩማ የቆየ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ በ1789 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ ስቴት ውስጥ ላለው ለሳቫና ወደብ ሹመት ያጨው ሰው፣ የስቴቱ ሴናተር ስላልፈለገው ወድቋል።

ያኔ ገባኝ። ይሄ እኮ የኛው ሽምግልና ነው! የሴቷ ቤተሰብ እሺ ሳይል ድንኳን ይጣላል? እኔ ያየሁት ሠርጉን ነው። ምርቃቱ፣ ፎቶው፣ የዘመድ መዓት። የኛ ዲሲ ደግሞ ሴናተር የላትም፤ ለሷ ዳኛ ሲታጭ ሽማግሌ የሚላክበት ቤት የለም ማለት ነው።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። መሄድ የምትፈልጉ ሰዓቱን ማታውኑ ከኮሚቴው ድረ ገጽ ላይ እዩ፤ ደግሞ ቀደም በሉ።

ሲያልቅ ዝነኛዋን የሴኔት ቦሎቄ ሾርባ ልቀምስ አሰብኩ። ረቡዕ ነው፣ ቦሎቄ ደግሞ የጾም ነው ብዬ። ደግነቱ ቀድሜ ጠየቅኩ። የአሳማ ሥጋ አለባት። ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።