የቡድን ዋስትና ብድር በጎንደር፦ ለማን ይበጃል?

ቤት ወይም መኪና በዋስትና ማስያዝ ለማይችል ሰው፣ ጎንደር ላይ የሥራ መነሻ ገንዘብ ማግኛው አንዱ በር የቡድን ዋስትና ብድር ነው። የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች ቡድን ይመሠርታሉ፤ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 40/1988 ለአነስተኛ የብድር ተቋማት ሕጋዊ መሠረት ከጣለ በኋላ፣ በአማራ ክልል ይህን አሠራር በሰፊው ያስለመደው ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ነው። እዚህ የምንመዝነው ግን የብድሩን ዓይነት እንጂ አንድን ተቋም አይደለም።

ትልቁ ጥሩ ጎኑ ካርታ አለመጠየቁ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬና ሽንኩርት ለምትቸረችር ሴት ከአራጣ አበዳሪ ይገላግላታል። በየቀኑ ስለምትሸጥ ወርሃዊ ክፍያውም አይከብዳትም።

ችግሩ የሚጀምረው ወለዱ ላይ ነው። ለምሳሌ 30,000 ብር ለ12 ወር በ12 በመቶ እንበል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመነሻው ብድር ላይ ከታሰበ 3,600 ብር ይሆናል፤ ወርሃዊ ክፍያው 2,800 ብር። በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ ግን ጠቅላላ ወለዱ ወደ 1,986 ብር ይወርዳል፤ ወርሃዊ ክፍያውም 2,665 ብር ገደማ ነው። ሁለቱም ውል ላይ “12 በመቶ” ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው በቀሪ ዕዳ ስሌት ሲታይ ከ21 በመቶ በላይ ነው። በዚያ ላይ 3,000 ብር የግዴታ ቁጠባ ተቀንሶ 27,000 ብር ብቻ እጅ ከገባ፣ ቁጠባው በዓመቱ መጨረሻ ከ7 በመቶ ወለድ ጋር ቢመለስ እንኳ እውነተኛው ዋጋ 24 በመቶን ያልፋል። የአገልግሎት ክፍያና መድን ገና አልተደመሩም። ስለዚህ የመቶኛውን ቁጥር ትታችሁ፣ “ዛሬ ስንት ብር እጄ ይገባል? በየወሩ ስንት፣ ለስንት ወር እከፍላለሁ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሁለተኛው ጉድለት የክፍያው የጊዜ ሰሌዳ ነው፤ ብዙ ተበዳሪ የሚወድቀውም እዚህ ነው። በግ የሚያደልብ ሰው ገንዘብ የሚያየው ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ሲሸጥ ነው። የወለቃ ሸክላ ሠሪ በክረምት ሥራዋ ቶሎ አይደርቅላትም፤ ገበያዋ የሚደምቀው እንግዳ ሲበዛ፣ በተለይ በጥምቀት ሰሞን ነው። የመተማ ሰሊጥ አምራችም ከመኸር በፊት የሚከፍለው የለውም። እነዚህን ሁሉ በሁለተኛው ወር ክፈሉ ማለት የብድሩን ገንዘብ ለብድሩ መክፈያ እንዲመልሱ ማድረግ ነው፤ አለዚያም በጉ ሳይሰባ ይሸጣል። መፍትሔው የእፎይታ ጊዜ፣ ማለትም ክፍያ የማይጠየቅባቸው የመጀመሪያ ወራት፣ እና ከሽያጭ ወቅት ጋር የተገጠመ ክፍያ ነው። ይህን የሚፈቅድ አበዳሪ ከተገኘ ትንሽ ከፍ ያለ ወለድ ቢጠይቅም ይሻላል።

ቡድኑ ራሱም ሊፈርስ ይችላል። የተለመደው መንገድ አንድ ጉልበተኛ የሌሎቹን ብድር ሰብስቦ ሲወስድ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ስማቸውን ያዋሱት ይከፍላሉ። በአንድ ሥራ የተሰማሩ አባላት ብቻ ከሆኑ ደግሞ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሁሉም በአንድ ቀን ይወድቃሉ። ሥራቸው የተለያየ፣ በእድር ወይም በእቁብ የተፈተኑ፣ የብድር መጠናቸው የተቀራረበ አባላት ይመረጡ። ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሚደርስና አባል ሲሞት ዕዳው ወደ ማን እንደሚዞር ሳይታወቅ አይፈረም።

ስፌት ማሽን ወይም ከብት ላለው ሰው ሌላም አማራጭ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና ለመያዝ ይፈቅዳል። ወለድ ያለበት ብድር ለማይወስዱ ደግሞ ዕቃው ተገዝቶ ትርፉ በግልጽ ተቆርጦ የሚሸጥበት የሙራባሃ አገልግሎት አለ።

ማኅበራዊ ለውጥ አመጣለሁ ብሎ ከእንዲህ ያለ ብድር ጀርባ ገንዘቡን የሚያፈስ ባለሀብት፣ ስንት ሴቶች እንደተበደሩና ስንት በመቶው እንደተመለሰ ብቻ ቢቆጥር ይሳሳታል። 100 በመቶ የተመለሰ ብድር ጥጃ ተሽጦለት ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት ዕዳው ካለቀ ከዓመት በኋላ የተበዳሪዋ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ በእጇ አለ ወይ የሚለው ነው።

በእኛ ሚዛን ለዕለት ቸርቻሪ ጥሩ ብድር ነው፣ ለአድላቢና ለሸክላ ሠሪ እፎይታ ካለው ብቻ፣ ለሰሊጥ ደግሞ በወርሃዊ ክፍያ ከሆነ ይቅር። የመጨረሻው ክፍያ ሲጠናቀቅ ከዕዳ ነፃ መሆንን የሚገልጽ ደብዳቤ ውሰዱ፤ የግዴታ ቁጠባውም በዚያው ቀን ይጠየቅ።